የጥርኝ ውኃው ጥያቄ፦ ይቅርታና ሁለተኛ ዕድል በመንፈሳዊ ልብ ወለድ ውስጥ እንዴት ይሠራሉ?

78 ሰው የበላ ሰው በጥርኝ ውኃ ዳነ። በላዔ ሰብእ ይባላል። ታሪኩ በተአምረ ማርያም ውስጥ ያለ ሲሆን የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል በየዓውደ ምሕረቱ ይነገራል። አንድ ዓመት እዚሁ ደብረ ብርሃን ከቅዳሴ በኋላ ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርተን ይህንኑ ታሪክ እያነሣን ነበር። ልጃቸው ከዓመታት በፊት በሰው እጅ የሞተባቸው አንዲት እናት ስኒያቸውን አስቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ መጽሐፍ ታነባለህ። ልጄን የገደለው ሰው ለተጠማ ሰው ጥርኝ ውኃ ሰጥቶ ገነት ከገባ፣ እኔ የልጄን ነገር ማንን ልጠይቅ?»

የሚበቃ መልስ አላገኘሁም። ያው ጥያቄ ግን መልኩን ቀይሮ ደጋግሞ ይመጣል። ቅዳሜ ከሰዓት እየተሰበሰብን መጽሐፍ የምናነብብ ሰዎች ነን፤ መንፈሳዊ ልብ ወለድ ባነበብን ቁጥር አንድ ሰው መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ጣል ያደርግና «ይህን ሁሉ ግፍ ሠርቶ በመጨረሻዎቹ ሁለት ገጾች ይቅር ተባለ? ታዲያ መበደል ምን ጉዳት አለው?» ይላል። ጥያቄው ልክ ነው። ችግሩ በአንድ ቃል ውስጥ አራት አምስት ነገር ጠቅልለን ስለምናነብብ መልሱ ይጠፋናል። ይህ ጽሑፍ ጥቅሉን ለመፍታት የተጻፈ ነው።

መንፈሳዊ ልብ ወለድ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ልብ ወለድ ደራሲው ከልቡ የፈጠረው ታሪክ ነው። መንፈሳዊ የሚባለው ደግሞ የታሪኩ ቋጠሮ የሚፈታው በእምነት፣ በንስሐ ወይም በይቅርታ ሲሆን ነው። ገጸ ባሕርያቱ ቤተ ክርስቲያን ስለ ተሳለሙ ወይም በየገጹ ጥቅስ ስለ ተደረደረ ብቻ አንድ መጽሐፍ መንፈሳዊ አይሆንም።

ገድልና ተአምር ከዚህ ይለያሉ። ምእመኑ እነርሱን የሚሰማቸው የቅዱሳን ሥራ የተመዘገበባቸው የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት አድርጎ ነው፤ ልብ ወለድ ብሎ መጥራት አንባቢያቸውን መበደል ይሆናል። ነገር ግን የእኛ አገር ደራሲ ስለ ይቅርታ መተረክን የተማረው ከእነርሱ ነው። ልጅ ሆኖ በዓውደ ምሕረት የሰማውን የታሪክ አካሄድ አድጎ ብዕር ሲያነሣ ይዞት ይመጣል። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ለዘውጉ ስሙን አውርሶታል፤ ታሪኩም የሚቋጨው የጠላት ንጉሥ ክርስትናን ሲቀበል ነው። የመርሐ ቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1915 ዓ.ም. «ወዳጄ ልቤ»ን ሲያወጡ የሰውን ጠባይና የነፍሱን ትግል በምሳሌ ነበር የተረኩት። እንግዲህ ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ ትናንት የመጣ እንግዳ አይደለም።

ከሁሉ ቀድሞ ደግሞ ምሳሌ አለ። ኢየሱስ ስለ ይቅርታ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የመለሰው በተፈጠረ ታሪክ ነው። «አንድ ሰው ሁለት ልጆች ነበሩት» ብሎ ሲጀምር ያ ሰው የትኛው መንደር እንደሚኖር የጠየቀ አልነበረም።

ንስሐ፣ ይቅርታ፣ ዕርቅ፣ ምሕረት አንድ ናቸው?

አይደሉም። ልዩነታቸውን ለማየት አንድ ታሪክ እንፍጠር።

መንዝ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ እንበል። ታናሽየው ድንበር ገፋ፤ ነገሩ ሸንጎ ሲደርስ ደግሞ በሐሰት ምሎ የታላቁን መሬት ወሰደ። ታላቅየው ልጆቹን ይዞ በጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ደብረ ሲና በቀን ሥራ ኖረ። 12 ዓመት አለፈ።

አሁን ታናሽየው እንቅልፍ አጣ። ይህ ጸጸት ነው። ጸጸት ሕመም ነው፤ ገና ምንም አልሠራም። ይሁዳም ተጸጽቷል፤ 30ውን ብር መልሷል፤ አሳልፎ ወደ ሰጠው ጌታ ግን አልተመለሰም፤ ብቻውን ሄዶ ታነቀ።

ታናሽየው ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ «በሐሰት ምያለሁ» ካለ ንስሐ ጀመረ። ንስሐ መመለስ ነው። ፊቱን ያዞረ ሰው ዞሮ መራመድ አለበት፤ ስለዚህ ቀኖና ይሰጠዋል። ቀኖና ጾም፣ ስግደት፣ ምጽዋት ሊሆን ይችላል፤ የተሰበረ እግር እስኪጠና እንደሚታሰርበት እንጨት አድርጎ ማየት ይቻላል።

መሬቱን ከመለሰና የ12ቱን ዓመት ምርት ከከፈለ ያ ካሳ ነው። የኢያሪኮው ዘኬዎስ የተናገረውን ያስታውሱ፤ የሀብቱን እኩሌታ ለድኆች፣ በግፍ የወሰደውን ደግሞ አራት እጥፍ። መዳን ለዚህ ቤት ሆነለት የተባለው ያን ሲናገር ነው።

ይቅርታ የታላቅየው ድርሻ ነው። ሌላ ሰው ሊሰጥለት አይችልም። ታናሽየው መሬቱን ሳይመልስም፣ ሳይጸጸትም፣ ታላቅየው ደብረ ሲና ሆኖ በልቡ ይቅር ሊለው ይችላል፤ መሬቱን ከተመለሰለት በኋላም ላይለው ይችላል። ይቅርታ አንድ ሰው ይበቃዋል።

ዕርቅ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ እንዲያውም ሦስት፣ ሽማግሌው መካከል ይቀመጣልና። ታናሽየው ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፤ ሽማግሎቹ «ስለ እግዚአብሔር ብለህ» ይላሉ፤ በደል በአፍ ይነገራል፤ ካሳ ይቆረጣል። ያልተነገረ በደል አይታረቅም። አገራችን ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ ሽማግሌ «በቃ ተሳሳሙ» ከማለቱ በፊት ነገሩ ከሥሩ እስኪመዘዝ ድረስ ምን ያህል ቀጠሮ እንደሚሰጥ ያየ ሰው ይመሰክራል።

ምሕረት ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው፤ የመቅጣት ሥልጣን ያለው ቅጣቱን ሲተው። ለዚህ ነው «ማረኝ» የምንለው ለእግዚአብሔር፣ ለንጉሥ፣ ለዳኛ የሆነው።

አንድ ነገር ቀረ፤ መተማመን። ታላቅየው ይቅር ብሎ፣ ታርቆ፣ መሬቱን ተረክቦ ሲያበቃ ታናሹን ለልጁ ዋስ ጥራ ቢሉት «ቆይ» ሊል ይችላል። ይህ ቂም አይደለም። መተማመን በጊዜ ብዛት ነው የሚበቅለው፤ በአንድ ከሰዓት በሽማግሌ ፊት አይጸድቅም።

አንባቢን የሚያበሳጩት ልብ ወለዶች እነዚህን ሰባቱን በአንድ አንቀጽ የሚፈጽሙ ናቸው። አለቀሰ፣ ተቃቀፉ፣ አለቀ። አንባቢው የሚቆጣው ይቅርታን ስለ ጠላ ሳይሆን የቀሩት ስድስቱ ስለ ተሰረቁበት ነው።

ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

«ይቅር» የሚለውን ቃል ልብ ብለን ሰምተነው እናውቃለን? «ይቅር» ማለት ይተው፣ ወደ ኋላ ይቅር ማለት ነው። የሚቀር ነገር ከሌለ ይቅር አይባልም። የሚቀረውም ዕዳ ነው።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያለው የባለ ዕዳው ምሳሌ ይህን በቁጥር ያሳያል። አንድ ባሪያ ለንጉሡ እልፍ መክሊት፣ ማለትም 10,000 መክሊት ዕዳ አለበት። አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ይጠጋ ነበር፤ አንድ ዲናር የአንድ ቀን የሠራተኛ ደመወዝ ነው። ስናባዛው 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ይሆናል፤ አንድም ቀን ሳያርፉ ቢሠሩ ከ164,000 ዓመት በላይ ማለት ነው። ያ ሰው ግን ወድቆ «ታገሠኝ፣ ሁሉንም እከፍልሃለሁ» ይላል። አድማጮቹ ይህን ሲሰሙ ሳይደነግጡ አይቀሩም፤ ሊከፍል የሚችልበት መንገድ የለምና። ንጉሡ ሁሉንም ተወለት። ወጥቶ 100 ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አገኘና አንገቱን አነቀው። 100 ዲናር ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ የሦስት ወር ከዐሥር ቀን ደመወዝ ነው። ምሳሌው የተበደልነው ትንሽ ነው አይልም። ከተተወልን ጋር ስናስተያየው ግን 600,000 ጊዜ ያንሳል።

ብዙ አንባቢ የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። ንጉሡ ዕዳውን ሲተው ገንዘቡ የትም አልተገኘም። ከንጉሡ ግምጃ ቤት ጠፍቶ ቀረ። ይቅርታ ኪሳራውን አያጠፋውም፤ ከበዳዩ ትከሻ አንሥቶ በተበዳዩ ትከሻ ላይ ያኖረዋል። ታላቅየው ወንድም ይቅር ሲል 12ቱ ዓመት አይመለሱም፤ ልጆቹ ያልተማሩት ትምህርት፣ በቀን ሥራ የጎበጠው ወገቡ የእርሱ ሆነው ይቀራሉ። «ከእንግዲህ ከአንተ አልጠይቀውም» ማለቱ ነው።

የክርስትና እምብርትም እዚህ ላይ ነው። መስቀሉ ላይ ዋጋውን የከፈለው ይቅር ባዩ ራሱ ነው ብሎ ያምናል ክርስቲያን። ስለዚህ አንድ መንፈሳዊ ልብ ወለድ ሳነብብ መጀመሪያ የምፈልገው ከፋዩን ነው። ማንም ምንም ሳይከፍል ሁሉም የሚስቅበት ፍጻሜ ካገኘሁ፣ ደራሲው ቅን ሰው ቢሆንም እንኳ፣ መጽሐፉ ስለ ይቅርታ ሳይሆን ስለ መርሳት እንደ ተጻፈ እቆጥረዋለሁ።

ሁለተኛ ዕድል ማለት እንደገና መጀመር ነው?

ብዙ ጊዜ እንዲያ ይመስለናል፤ ያለፈው ተሰርዞ በነጭ ወረቀት መጀመር። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያሉት ታሪኮች ግን ሌላ መንገድ ይሄዳሉ። በዳዩን ወደ ወደቀበት ቦታ ይመልሱትና ያንኑ ፈተና እንደገና ፊቱ ያቆሙታል።

ዮሴፍን እንይ። ወንድሞቹ ለእስማኤላውያን እንዲሸጡት ሐሳቡን ያቀረበው ይሁዳ ነበር፤ የያዕቆብ አራተኛ ልጅ፣ ከአስቆሮቱ የተለየ። ከብዙ ዓመት በኋላ በራብ ተገፍተው ግብፅ ሲመጡ ዮሴፍ ወዲያው ራሱን አልገለጠም። ጽዋውን በብንያም ዓይበት ውስጥ አስደበቀና «ጽዋው የተገኘበት ባሪያዬ ይሁን፣ እናንተ በሰላም ሂዱ» አለ። ቀድሞ የነበረው ሁኔታ በሙሉ ተመልሶ ተሰናዳ፦ አባት አብልጦ የሚወደው ታናሽ ወንድም፣ እርሱን ለባርነት ትቶ በሰላም ወደ ቤት የመመለስ ዕድል። ያን ጊዜ ይሁዳ ቀርቦ «በብላቴናው ፋንታ እኔ ባሪያ ልሁን» አለ። ዮሴፍ ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻለም፤ ጮኾ አለቀሰ። ብዙ ሰው ያን ሁሉ ምርመራ እንደ በቀል ያነብበዋል። እኔ ግን ዮሴፍ ሊያውቅ የፈለገው ይቅር ይበላቸው እንደ ሆነ ሳይሆን ሊያምናቸው ይችል እንደ ሆነ ይመስለኛል።

ጴጥሮስም እንዲሁ ነው። በሊቀ ካህናቱ ግቢ የፍም እሳት እየሞቀ ሦስት ጊዜ ካደ። ከትንሣኤ በኋላ በባሕሩ ዳር የጠበቀው የፍም እሳትና ሦስት ጥያቄ ነው። ወንጌሉ በተጻፈበት በግሪክኛው ያ የፍም እሳት የሚለው ቃል በመላው ሐዲስ ኪዳን የሚገኘው በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ብቻ ነው። የፍሙ ጢስ ሲሸተው ጴጥሮስ ምን እንደ ተሰማው ዮሐንስ አልጻፈም፤ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ እንዳዘነ ብቻ ነገረን።

ወደ መንዙ ታሪካችን ብንመለስ፣ ጎበዝ ደራሲ ታናሽየውን በእንባ ብቻ አይለቀውም። ሌላ ሙግት ያመጣበታል። እንደገና ምስክር ሆኖ ይጠራል፤ እውነቱን ቢናገር በዚህ ጊዜ የሚጎዳው ራሱ ነው፤ ያው ሸንጎ፣ ያው መሐላ። አንባቢው ትንፋሹን ውጦ የሚጠብቀው ይህንን ነው። ሁለተኛ ዕድል የሚባለውም ይኸው ነው።

ለምንድን ነው በአንዱ መጽሐፍ ለውጡ ዓመታት ሲፈጅ በሌላው በአንድ ሌሊት የሚሆነው?

የደራሲው ቤተ ክርስቲያን ትምህርት በታሪኩ ቅርጽ ላይ ስለሚያርፍ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወግ ያደገ ደራሲ ኃጢአተኛውን ወደ ንስሐ አባት ይወስደዋል፤ ኑዛዜ አለ፣ ቀኖና አለ፣ «እግዚአብሔር ይፍታ» አለ፣ መጨረሻው ቅዱስ ቁርባን ነው። ስለዚህ ታሪኩ መንገድ ይመስላል፤ ሽማግሌ ካህን ወይም ባሕታዊ የማይጠፋበትም ለዚህ ነው። በወንጌላውያን ወግ የሚጽፈው ደግሞ ሰውየው በቀጥታ ወደ ጌታ ጸልዮ ሕይወቱን የሰጠበትን ቅጽበት ያጎላል፤ ታሪኩ ወደ ምስክርነት ያደላል፣ በፊትና በኋላ ተብሎ ይከፈላል። ሁለቱም የሚደክሙበት ቦታ አላቸው። የመጀመሪያው ሥርዓቱን ሲዘረዝር ልብን ሊረሳ ይችላል፤ ሁለተኛው ከቅጽበቱ በኋላ ያለውን ረጅም ሰኞ ማክሰኞ ሊዘልለው ይችላል።

ሁለቱም የሚወድዱት ሰው ግን አለ፤ ሙሴ ጸሊም። በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ የወንበዴዎች አለቃ የነበረ፣ በኋላ በአስቄጥስ በረሃ የመነኮሰ ኢትዮጵያዊ ነው። አንድ ወንድም አጥፍቶ ሊፈርዱበት ሲሰበሰቡ ሙሴን ጠሩት። የሚያፈስ ዕቃ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። ምንድን ነው ሲሉት፣ ኃጢአቴ ከኋላዬ እየፈሰሰ እኔ አላየውም፣ ዛሬ ግን በሌላው ልፈርድ መጣሁ የሚል መልስ ሰጣቸው። ወንበዴነቱን የረሳ ሰው ይህን ሊናገር አይችልም ነበር።

ይቅር ያለ ሰው ክሱን መተው አለበት? ወደ ደበደባት ባል ቤት መመለስስ?

እዚህ ላይ ነገሩ ከወረቀት ወጥቶ ሰው ይጎዳል፤ ስለዚህ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

በአገራችን ሕግ ሰው የገደለ ሰው የሚከሰሰው በዐቃቤ ሕግ ነው። የሟች ቤተሰብ ከልቡ ይቅር ቢል፣ ዕርቅም ቢወርድ፣ ክሱ በዚህ ብቻ አይቀርም። በዓል ሲደርስ በዜና የምንሰማው «ይቅርታ» ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ የተፈረደበት ሰው ቅጣቱ በሙሉ ወይም በከፊል እንዲቀርለት መንግሥት የሚወስነው ነው። «ምሕረት» በሕግ ቋንቋ ከዚህ ይሰፋል፤ ክሱን ወይም ፍርዱን ራሱን ያስቀራል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 ደግሞ እንደ ዘር ማጥፋት ያሉ በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይቅርታም በምሕረትም እንደማይታለፉ ይደነግጋል። እንግዲህ አንድ እናት የልጃቸውን ገዳይ በልባቸው ይቅር ብለው ፍርድ ቤት ቀርበው ሊመሰክሩበት ይችላሉ። ሁለቱ አይጣሉም።

ሁለተኛው የበለጠ ያሳስበኛል። ባሏ የሚደበድባት ሴት ታግሣ፣ ጸልያ፣ ተመልሳ፣ በመጨረሻ ባል ተለውጦ የሚያልቁ ታሪኮች ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ለውጥ አይሆንም አልልም። ነገር ግን ይቅርታን ከመመለስ ጋር አንድ ካደረግነው፣ ያን መጽሐፍ የምታነብብ ሴት «ካልተመለስሽ ይቅር አላልሽም» የሚል ድምፅ ትሰማለች። ከላይ እንደ ለየነው ይቅርታ የእርሷ ነው፣ መተማመን ግን እርሱ በሥራ የሚያገኘው ነው፤ ርቃ ሆና ይቅር ልትል ትችላለች። ሽማግሌም ሰባኪም ደራሲም ይህን ሳይለይ መምከር የለበትም።

ታዲያ የጥርኝ ውኃውስ?

ወደ በላዔ ሰብእ እንመለስ። ታሪኩ እንደሚተረከው ሰውየው አስቀድሞ ደግ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበር፤ በሰይጣን ተታልሎ ልጁን ሠዋ፣ ሥጋውንም ቀመሰ፣ ከዚያ በኋላ ሰው በላ ሆነ። ቤተሰቡንም አላስቀረም። 78 ነፍስ። በመጨረሻ አንድ የተጠማ ለምጻም አገኘ። ለምጻሙ በእግዚአብሔር ስም፣ በቅዱሳን ስም ለመነው፤ እምቢ አለ። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ሲሞት ነፍሱ ለፍርድ ቀረበች፤ ሚዛን ተተከለ፤ 78ቱ በአንድ ወገን፣ ውኃው በሌላ ወገን።

እዚህ ላይ ቸኩለን እንዳናልፍ። ውኃው አልመዘነም። 78ቱ ደፉ። ሚዛኑ የተለወጠው እመቤታችን ጽላሎቷን፣ ማለትም ጥላዋን፣ በውኃው ላይ ባሳረፈች ጊዜ ነው። ታሪኩ «አንድ መልካም ሥራ 78 ግድያ ይሰርዛል» የሚል ቢሆን ኖሮ ይህ ትዕይንት አያስፈልገውም ነበር። የሚናገረው ተቃራኒውን ነው፤ የሰው ሥራ በራሱ አይመዝንም። በዓሉም የጥርኝ ውኃ በዓል አልተባለም፤ ኪዳነ ምሕረት፣ የምሕረት ውል ተባለ። ኪዳን ማለት ውል ነው፤ ጌታ ለእናቱ የሰጠው ቃል ኪዳን ነው ብላ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። የዳነው በውሉ ነው፤ ውኃው በሩ ሳይከረቸም የቀረበት ቀዳዳ ነበር።

ተአምረ ማርያም ከከተማችን ጋር ዝምድና አለው። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ከ1434 እስከ 1468 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የነገሡት፣ የእመቤታችንን 33 በዓላት እንዲከበሩ፣ ተአምሯም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ያዘዙ ናቸው። እኚሁ ንጉሥ የገዛ ልጆቻቸውን ሳይቀር በጽኑ እንደ ቀጡ ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። ምሕረትን የሚያስነብብ ሰው ሁሉ ምሕረት ማድረግ ቀላል አልሆነለትም።

የእናትየው ጥያቄ ግን በዚህ አልተመለሰም። እርሳቸው የጠየቁት ስለ 78ቱ ነው። ተአምሩ ስለ እነርሱ ዝም ይላል፤ የተጻፈው ተስፋ ለቆረጠ በዳይ ነው፣ «ለእኔስ የቀረልኝ የለም» ለሚል ሰው። ለተበደለው የተጻፈ ሌላ ቦታ ነው። የአቤል ደም ከምድር ይጮኻል፣ እግዚአብሔርም ይሰማዋል። በራእይ ምዕራፍ 6 የታረዱት ነፍሳት ከመሠዊያው በታች ሆነው እስከ መቼ አትፈርድም ብለው ይጮኻሉ፤ ዝም በሉ አልተባሉም፤ ነጭ ልብስ ተሰጣቸው፣ ጥቂት ዘመን እንዲያርፉም ተነገራቸው። ስለ ይቅርታ የሚጽፍ ደራሲ ከእነዚህ ጩኸቶች አንዱን እንኳ በመጽሐፉ ውስጥ ካላሰማ ግማሹን ብቻ ጽፏል።

ስለ ጠፋው ልጅ ምሳሌስ?

ይህን ለእናትየው በቅርቡ ነገርኋቸው፤ እዚያው ጎረቤት ቤት። በሉቃስ 15 ታናሹ ልጅ ሲመለስ አባት ሮጦ አቀፈው፣ ሊናገር ያዘጋጀውንም ንግግር ሳያስጨርሰው ቀለበትና ጫማ አስመጣ፣ የሰባውን ፍሪዳ አሳረደ። ነገር ግን ሀብቱ ቀድሞ ተከፍሎ ነበር፤ ታናሹ ድርሻውን ወስዶ በትኗል። የቀረው ሁሉ የታላቁ ነው፤ አባትየውም ኋላ «ለእኔ የሆነ ሁሉ የአንተ ነው» ይለዋል። ፍሪዳውም እንግዲህ ከታላቁ ወገን ነው የታረደው። ከእርሻ ሲመለስ ዘፈን ሰማ፣ ማንም አልጠራውም፣ ማንም አላማከረውም፣ ተቆጣ፣ አልገባም አለ። ቁጣው መሠረት አለው።

«ከዚያስ ገባ?» አሉኝ።

«አልተጻፈም እማማ። ታሪኩ እዚያ ላይ ያቆማል።»

«አባትየውስ የት ነው? ከዘፋኞቹ ጋር?»

«የለም። ትቷቸው ወጣ። ደጅ ቆሞ እየለመነው ነው።»

ዝም አሉ። ሦስተኛው ቡና ቀርቦ ነበር፤ ስኒውን ተቀብለው ሳይጠጡት በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ደጅ አብሮት ቆሟል እንግዲህ» አሉ።